አባቴ ውረዱ ሰፈር የመጣ ጊዜ

ሚዛን ተፈሪ የኖርንበት ሰፈር ውረዱ ይባል ነበር። ስሙን ያወጣለት ዳገቱ ነው። ከቦንጋ በኩል የሚመጣ መኪና ከተማው ሳይገባ አንድ ረጅም የቀይ አፈር ዳገት ይጠብቀዋል። አገሩ ዝናብ የማይለየው ስለሆነ አፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ ነው። መኪናው ዳገቱ ሥር ሲደርስ ረዳቱ ከኋላ ተንጠልጥሎ ጎኑን በመዳፉ እየደበደበ «ውረዱ! ውረዱ!» ይላል። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ጎማው ላይ ሰንሰለት ይታሰራል፣ ጉልበት ያለው ይገፋል፣ የቀረው ጫማውን በእጁ ይዞ በእግሩ ይወጣል። ሰው እዚያ እየወረደ ሻይ ፈለገ፣ መጠለያ ፈለገ፣ ቤቶች ተሠሩ፤ ሲጠሩ ውረዱ ተባሉ።

እኔም ሰፈሩን የተዋወቅሁት በዚሁ ድምፅ ነው። ባሌ ለመንግሥት ቡና እርሻ መካኒክ ሆኖ ተቀጥሮ ቀድሞኝ መጥቶ ነበር። እኔ ከወልቂጤ ጅማ፣ ከጅማ ቦንጋ፣ ከዚያ በኋላ ኤንትሬ በሚባለው የቡና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ስመጣ ረዳቱ ውረዱ አለን። ወረድኩ። ባሌ ዋርካው ሥር ቆሞ እየሳቀ ጠበቀኝ። «ደረስሽ፤ ቤታችን እዚሁ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ከተማው ገና ሩቅ መስሎኝ ነበር።

ሰፈሩ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነበር። ከታች ዋርካው አለ፤ የወረደ ሁሉ የሚጠለልበት። ከዋርካው ፊት ለፊት የእማማ ሱቅ ነበር። እማማ የምላቸው ከጅማ በኩል የመጡ የእስላም ባለሱቅ ሚስት ናቸው። ባላቸው ኮረሪማና ማር ይነግዳሉ፤ እሳቸው ሻይ ያፈላሉ፣ ሳሙናና ጨው ይሸጣሉ። የእኛ ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። ዳገቱ መሐል ላይ በጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው የሚሉት የጭነት መኪና ሬሳ ነበር። ጎማውም ሞተሩም ከወለቀ ቆይቷል፤ ውስጡ ሣር በቅሏል። እሱን ትሬንታው ይሉታል፤ «ትሬንታው ጋ ጠብቂኝ» ከተባልሽ አትሳሳቺም። ከትሬንታው በላይ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ መናኸሪያ የምንለው ባዶ ሜዳ፣ ከሜዳው ወደ ጎረቤቷ ከተማ አማን የሚወስደው መንገድ፣ መንገዱ አፍ ላይ ኬላው።

የከተማውን ስም አመጣጥም ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አንዱ ሚዛን የሚለው የገበያ ሚዛን ነው ይለኛል፣ ሌላው የቤንች ቃል ነው፣ ትርጉሙ ጠፍቷል ይላል። ተፈሪ የሚለውን ደግሞ በዚያ በደርግ ዘመን አንዳንዱ ሰው ጮክ ብሎ መጥራት አይወድም ነበር። ሚዛን ብቻ ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛ ልጄን ባረገዝኩበት ዓመት ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ሊቀመንበሩ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ብሎ ለየሰፈሩ አዲስ ስም አነበበ። የእኛ ሰፈር ትግል ፍሬ ሆነ። ሊቀመንበሩ የቀድሞ የቡና ሰብሳቢ ነው፣ መጥፎ ሰው አልነበረም። «ሕዝብ ወደ ላይ እየወጣ ባለበት ዘመን ውረዱ አይባልም» ብሎ አስረዳን። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ታዲያ ከእንግዲህ መኪናው ዳገቱን ሊወጣ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰዉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም አፉን በእጁ ሸፈነ። በሳምንቱ አዲሱ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት ቆርቆሮ ዋርካው ላይ ተመታ።

ማንም ትግል ፍሬ ብሎ የጠራ አላጋጠመኝም። ወረቀት ላይ ግን እንድንጽፈው ታዘዝን። እኔም ለወላጆቼ በጻፍኩት ደብዳቤ «አሁን ያለነው ትግል ፍሬ ሰፈር ነው» ብዬ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። በክረምት መንገዱ ስለሚዘጋ አላሳሰበኝም። ደብዳቤ አንብቦ መልስ የሚጽፍላቸው ወንድሜም ሰሜን ግንባር ነበር።

አባቴ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ከወለድኩ ገና ጥቂት ወር ነበር። ሰሞኑን ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ አፈሩ ደርቋል። የሕፃኑን ጨርቅ ሳሰጣ እማማ ነጠላቸው ከትከሻቸው እየወደቀ እየሮጡ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ መጥተዋል!»

«የማን አባት?»

«ያንቺ ነዋ! ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ነገረኝ። ከቦንጋ አብረውት መጥተዋል። የመካኒኩን ሚስት እየጠየቁ ነበር አለ። ቤቷን አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።»

ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ሹፌሩ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። «ዛሬ መንገዱ ደረቅ ስለሆነ ዳገቱን ሳላቆም ነው የወጣሁት» አለ። «መናኸሪያ አወረድኳቸው። እዚህ መሆንሽን ባውቅ እዚሁ ባወረድኳቸው ነበር፤ እሳቸው የሚሉት ግን ትግል ምናምን የሚባል ሰፈር ነው።»

አባቴ በቤቴ ደጃፍ በመኪና አልፏል ማለት ነው። ምናልባት ጨርቅ ሳሰጣ አይቶኝ ይሆናል፤ ከጭነት መኪና ላይ ማን ማንን ይለያል።

ትልቁን ልጄን ለእማማ ባል ትቼ ሕፃኑን አዝዬ ወጣሁ። እማማም ሱቁን ለባላቸው ጥለው ተከተሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባቴ አናጢ ነው፤ ከወልቂጤ ርቆ የሚያውቀው ለሥራ ወሊሶ ድረስ ብቻ ነው። እኔን ሊያይ ይህን ሁሉ መንገድ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናቴ ለምን አብራው አልመጣችም የሚለው ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። መኪናው ስለሚያማት ነው ብዬ ለራሴ መለስኩ።

መናኸሪያው በገበያተኛ ተሞልቷል። ከማጂ መንገድ የመጡ በቅሎዎች ከነጭነታቸው ቆመዋል፣ ቡና የጫነ መኪና ሞተሩን እያሞቀ ነው። ሽማግሌ አይታችኋል ወይ እያልን ዞርን። ብርቱካን የምትሸጥ ሴት አስታወሰችው።

«ጥቁር ኮት የለበሱ? ትግል ፍሬ የት ነው አሉኝ፣ እኔ ምን አውቄ። አንዱ ወጣት አማን ውስጥ እንዲህ የሚባል አለ፣ የእርሻው ሠራተኞችም እዚያ ነው የሚበዙት አላቸው። በዚያ በኩል ሄዱ።»

ለካ አማንም በዚያው ትእዛዝ ትግል ፍሬ የሚባል ሰፈር ተሰይሞ ኖሯል። እማማ ቆርቆሮውን የመታውን ሰው ረገሙት። እኔ ሳቅኩ። ያን ቀን የሚያስቀኝ ነገር ብዙ ነበር።

ኬላው ጋ ስንደርስ ሰማዩ ከአማን በስተጀርባ ጠቁሯል። ዘበኛው የእማማ ደንበኛ ነው። ስንጠይቀው ወዲያው አስታወሰ።

«እኚያ ሽማግሌ፣ አዎ። በእግራቸው ሊሄዱ ሲሉ ቡና በጫነ ትራክተር ላይ አስቀመጥኳቸው። ከየት መጡ፣ ምን ሊሠሩ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ለእናንተ ምናችሁ ናቸው?»

«አባቴ ነው» አልኩት።

ዘበኛው ጀርባዬ ላይ ያለውን ሕፃን አየ። ከዚያ ወደ እማማ ዞሮ «እማማ፣ እስቲ ያንን የዘይት ነገር ልጠይቅዎት» ብሎ ወደ ጎጆው ጀርባ ወሰዳቸው። እኔ የጎጆውን መቃን ይዤ ወደ አማን መንገድ ዓይኔን ተከልኩ። ብዙ አልቆዩም። ሲመለሱ ሻሻቸውን እያጠበቁ ነበር።

«እንመለስ» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው? አማን እኮ እዚህ ናት!»

«ሰውየው ጠፍተው አይደለም። ዘበኛው ያውቃል፣ ትራክተረኛው አንድ ደህና ሰው ቤት ያስገባቸዋል። ባልሽ ጋ ሰው እንልካለን፤ በእርሻው መኪና ሄዶ ያመጣቸዋል። አንቺ በዚህ ዝናብ ጨቅላ ልጅ ይዘሽ ልታልቂ ነው?»

የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ሕፃኑም ማልቀስ ጀመረ። አመንኳቸው። እማማ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ያን ዕለት ግን እስከ ቤት ድረስ አፋቸው አላረፈም። ስለ ጨው መጥፋት፣ ስለ ጅማ ዘመዶቻቸው፣ ስለ ማር ዋጋ አወሩኝ። ዳገቱን ስንወርድ ክንዴን ይዘው ነበር። ደክሟቸው መስሎኝ ቀስ አልኩላቸው።

ማታውን ቤቴን አጠብኩ፣ አልጋዬን ለአባቴ አነጠፍኩ፣ ከነበሩኝ ዶሮዎች ትልቁን ያዝኩ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ጎረቤታችን ባርኮ ያርድልኝ ነበር፤ ጠርቼው መጣ። «አባቴ መጣልኝ» ስለው ቢላዋውን እያየ «እሰይ» አለ። ሽንኩርቱን እየከተፍኩ እዘፍናለሁ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ አንዷ እንጨት አምጥታ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትልቁን ልጅ ዛሬ እኔ ጋ ይደር ትላለች። አባቴን ሊያዩ የጓጉ መሰለኝ። በኋላ ከእርሻው አንድ ሰው መጣና ባሌ አማን መድረሱን፣ አባቴ ስለደከመው እዚያው አድረው ጠዋት እንደሚመጡ ነገረኝ። ወጡን ከእሳቱ አወረድኩና ተኛሁ። ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ሕፃኑን ታቅፌ ወጥቼ ስቆም ዳገቱ በጭጋግ ተሸፍኗል። ከትሬንታው በኩል ሰዎች እየወረዱ ነው። መጀመሪያ ያየሁት አባቴን ነው። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ግራና ቀኝ ባሌና የማላውቀው ቀጭን ሰው ይዘውታል።

«አባዬ!» ብዬ እየሳቅኩ ወደ እሱ ሮጥኩ።

አልሳቀም። ያን ጊዜ ከኋላው ያሉትን አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሰውዬ አለ፣ ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል፣ ብርቱካን የምትሸጠዋ ሴት ሳትቀር አለች። እማማ ከቤታቸው ወጥተው ከኋላዬ ቆመዋል፤ ሕፃኑን ከእጄ ሲወስዱት አልታወቀኝም። በአገራችን እንዲህ ሆኖ በማለዳ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

«እማዬ?» አልኩ።

አባቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። መሬት ላይ እንደነበርኩ፣ እማማ ከወገቤ እንዳቀፉኝ፣ ጭቃው ቀዝቃዛ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንዷ የሸኮ ሴት በራሷ ቋንቋ ሙሾ አወጣች። ሌላዋ በካፊኛ ተቀበለቻት። ቃሉን አላወቅሁትም፤ እናቴን እንደሚያውቋት አድርገው አለቀሱላት።

ድንኳኑ ዋርካው ሥር ተተከለ። ያ ለአባቴ የሠራሁት ወጥ ለለቀስተኛው ቀረበ። ከቦንጋ የሚመጣ መኪና ሲደርስ ረዳቱ ድንኳኑን አይቶ መጮሁን ይተዋል፤ ተሳፋሪው ራሱ ዝም ብሎ ይወርድና አጎንብሶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ዳገቱን ይወጣል።

ከሠልስት በኋላ አባቴ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። እናቴ ትኩሳት ይዟት ብዙም አልቆየችም። «ሰው ልላክ ብዬ ነበር» አለኝ። «ወንድምሽ ግንባር ነው። ጎረቤት እንዳልልክ ይህን አገር የሚያውቅ የለም። በደብዳቤ ደግሞ የእናት መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ደብዳቤሽን ለሰው አስነብቤ ራሴ መጣሁ።»

«መንገድ ላይ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ወዴት ነህ ሲሉኝ ልጄን ልጠይቅ እላለሁ። ኬላው ላይ ያ ዘበኛ ፈጥኖ ጠየቀኝና አመለጠኝ። አማን ስደርስ ትግል ፍሬ የተባለው ሰፈር ውስጥ አንቺን የሚያውቅ ጠፋ። ዝናቡ መጣ። አንድ ሰው ከደጃፉ ጠራኝ። አማርኛው ትንሽ ነው። ሚስቱ ጎደሬ ቀቅላ አቀረበችልኝ። መብላት አቃተኝና ሚስቴ ሞታለች አልኩት። ገባው። ከእኔ ጋር አለቀሰ፤ እስኪመሽ ድረስ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ባልሽ ሲመጣ ያ ሰው ነው የተቀበለው፤ ጠዋትም አልለይህም ብሎ አብሮኝ መጣ።»

ያ ቀጭን ሰው እሱ ነበር። የቤንች ገበሬ ነው፤ ለቅሶው እስኪበተን ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ቆይቶ ሳልሰናበተው ሄዷል።

እርሜን ካወጣሁ በኋላ ንዴት መጣብኝ። አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ። «አባቴ መርዶ ተሸክሞ የዞረው በእናንተ ስም ምክንያት ነው» አልኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ወንበር ሳበልኝ።

«እኔ ራሴ እናቴ ዘንድ ስሄድ ውረዱ ነው የምለው» አለኝ። «ትእዛዙን ማንሣት ግን አልችልም፣ እህቴ።»

«ታዲያ ለሰው ምን ብዬ ልጻፍ?»

እስክሪብቶውን አነሣ። «ትግል ፍሬ ብለሽ ጻፊ። ከዚያ በቅንፍ ውረዱ በዪ። በቅንፍ የተጻፈ ነገር ማንም አይጠይቅሽም።»

ከዚያ በኋላ ሰፈርተኛው ሁሉ እንዲሁ ይጽፍ ጀመር። ቆርቆሮውን ግን ማንም አልነካውም፤ ዝናቡ ቀለሙን እስኪያጥበው ድረስ እዚያው ቆየ።

አባቴ ወዲያው እንዳይመለስ ዝናቡ ጠነከረ፤ ከቦንጋ ወዲህ አንድ ድልድይ ተወሰደ ተባለ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። ባሌ ከእርሻው የተጣለ የዋንዛ ግንድ አመጣለትና ከወፍጮ ቤቱ መጋዝ ተውሶ ዋርካው ሥር ረጅም አግዳሚ ወንበር ሠራ። እዚያ የሚወርደው ሰው እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እማማ ሻያቸውን ወደዚያ እያወጡ መሸጥ ጀመሩ። እኔና አባቴም ከሰዓት በኋላ እዚያ እንቀመጣለን። ስለ እናቴ የምናወራው እዚያ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እሷ ሁልጊዜ ጨው ማብዛቷን አንሥተን ሳቅን፤ መሳቃችን ሁለታችንንም አስደነገጠን።

ሰዉ ያንን ቦታ አናጢው ጋ ማለት ጀመረ። አባቴ ከሄደ ከዓመታት በኋላ አናጢውን ከነጭራሹ የማያውቁ ልጆች «አናጢው ጋ እንገናኝ» ሲባባሉ እሰማ ነበር።

ድልድዩ ቶሎ እንደማይጠገን ሲታወቅ ባሌ በእርሻው በኩል አባቴን ከአማን ወደ ጅማ በሚሄደው አውሮፕላን አሳፈረው። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው ሣር ሜዳ ላይ ነው፤ ሊያርፍ ሲል ከብቶቹ ይባረራሉ። በጠዋት በትራክተር ወረድን። አባቴ ግን መጀመሪያ ወደ ሜዳው አልሄደም። «ያን ሰው ላሳይሽ» አለኝ።

ቤቱ ከሜዳው ጥግ ነው፤ ዙሪያው እንሰትና ጥላ ያለበት ቡና። ሰውየው አባቴን ሲያይ እጁን ያዘና አለቀቀውም። ሚስቱ የምትናገረው አማርኛ የላትም፤ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ከዚያ ጉንጬን ዳሰሰች። ቡና ለሚሸጥ ቡና፣ ማር ለሚቆርጥ ማር አይወሰድም፤ አባቴ በእጁ የሠራትን ትንሽ በርጩማ ሰጣቸው። ሰውየው ተቀብሎ ደጃፉ ላይ አስቀመጣትና አባቴን ራሱን አስቀመጠባት።

አውሮፕላኑ ሲመጣ ተሳፋሪው ጥቂት፣ ጭነቱ ብዙ ነበር። አባቴ መወጣጫው ሥር ደርሶ ዞረ።

«ብቻሽን ነሽ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለኝ። «አይደለሽም።»

«አንተስ? ባዶ ቤት ነው የምትገባው።»

«እለምደዋለሁ። አንቺም ለምደሽ የለ።»

ገባ። በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ሜዳውን ጨርሶ፣ ከዛፎቹ በላይ ከፍ ብሎ፣ ደመናው ውስጥ እስኪገባ ቆምን። ባሌ ወደ ሥራው መሄድ ነበረበት። አብሮን የሸኘው የቤንች ገበሬ ለአውሮፕላኑ ያባረራቸውን ከብቶች ወደ ሣሩ መልሶ ነዳና በዚያች ትንሽ አማርኛው «ነይ፣ ጎደሬ ደርሷል» አለኝ። ሕፃኑን ከጀርባዬ አውርጄ ታቅፌ ተከተልኩት።